«ጎና» ማመልከቻ ላይ?

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን የሥራ ማመልከቻውን እንድናይለት ከመግሪብ በኋላ ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ «ነገ አይ አም ጎና ቢሯችሁ» ለማለት የሞከረ ነው። ወጣቶች፣ «ጎና» ማለት «ጎይንግ ቱ» በአፍ ሲጣደፍ የተጨመቀ ነው። «ቱ» እዚያው ውስጡ ስላለ የሚከተለው ግሥ እንጂ ቦታ አይደለም፤ «አይ አም ጎና ከም» ይባላል። ለጓደኛ ቴሌግራም ላይ ጻፉት፣ አንከለክልም። ለቀጣሪ ግን ተስተካክሎም አይሆንም።

መድረሳ የቀራን ይህን እናውቀዋለን። ዐረቦች «ምን?» ለማለት በአፋቸው «ኤሽ» ይላሉ፤ ሥሩ «አዩ ሸይእ» ነው። ድርሰት ላይ «ኤሽ» ብለን ብንጽፍ ኡስታዛችን በቀይ ይሰርዙብን ነበር።

«ፌስቡክ ላይ ሁሉም እንዲህ ይጽፋል» አለን። ይጻፍ፤ ቀጣሪው የሚያየው የእሱን ወረቀት ነው። ዒሻ ሳይደርስ «አይ ዊል ከም» ብሎ ገለበጠው።