የለኮስነው አብረን ነበር

ሲጋራ የጀመርኩት በግጥም ምክንያት ነው። ቀልድ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንዲት ጠባብ ቡና ቤት ተሰብስበን ግጥም የምንነባበብ ሰባት ጓደኛሞች ነበርን። አንዱ አንብቦ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ዝምታ ይወርዳል። በዚያ ዝምታ መካከል ከመካከላችን ትልቁ ሲጋራውን ይለኩሳል፤ ጢሱን ቀስ አድርጎ ወደ ጣሪያው ይለቅና «ሦስተኛው ስንኝ ቤት አልመታልህም» ይላል። ለእኔ፣ ለዚያ ጀማሪ፣ ጢሱ የዕውቀት ምልክት ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ አንዱ ወዳጄ ግማሽ ያጨሰውን ሲጋራ ዘረጋልኝ። ሳብኩ፤ አሳለኝ። ሳቁ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጠረጴዛው ሰው ሆንኩ።

ይህን ያነሣሁት አንድ የምከራከርበት ነገር ስላለኝ ነው። ሲጋራን የምንጀምረው በማኅበር ነው፤ ተዉ የምንባለው ግን ለየብቻችን ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል የሀገራችን ተረት። አብሮ ያጨሰስ ለምን ብቻውን እንዲተው ይፈረድበታል?

ትምባሆን በቅጣት ለማጥፋት የተሞከረው ዛሬ አይደለም። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር የታሪክ መጻሕፍት ጽፈዋል። ንጉሡ አለፉ፤ ትምባሆ ግን ቀረ። የዘመናችን ሕግ ምሕረት ያለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ያዛል፤ የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ እንዲሸፍን ያስገድዳል፤ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም አይፈቅድም። መልካም ሕግ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ሆኖም ሕግ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው። ከበሩ በስተጀርባ፣ ጠረጴዛ ከብበው የተቀመጡ ወዳጆች መካከል፣ ዘበኛው አይገባም።

እኔ ራሴ ለመተው ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፤ በአራተኛው ቀን አንድ ፍሬ ከሱቅ በደረቴ ገዛሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ለራሴ በወረቀት ላይ ቃል ገባሁ፤ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ እያለ አጨስኩ። ያኔ ፈቃዴ ደካማ፣ እኔም ከንቱ ሰው መሰልኩኝ። ለካ የብዙው ሰው ታሪክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ያለ ምንም እገዛ ከሚደረጉ የመተው ሙከራዎች የሚሳካው 4 በመቶው ብቻ ነው። ኒኮቲን ጢሱ በተሳበ በ10 ሴኮንድ ገደማ አንጎል ይደርሳል፤ ሲቀርም ብስጭቱ፣ ዕንቅልፍ ማጣቱና ሐሳብ መበታተኑ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያይላል፤ ለሳምንታትም ይቆያል። ይህን ጦርነት ብቻውን የሚገጥም ሰው ቢሸነፍ አይደንቅም።

በሦስተኛው ጊዜ ነገሩ በሌላ መንገድ ሆነ። ያን ጊዜ ግማሽ ሲጋራ የዘረጋልኝ ወዳጄ «እኔም ልተው ነው፤ አብረን እንተው» አለኝ። ተስማማን። ከተስማማንበት ሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ ከመስኮቴ ኋላ ብር ቆጥሬ ለሻይ ስወጣ፣ ይደውልልኛል። ስለ ሲጋራ እምብዛም አናወራም። ስለ አንድ ስንኝ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ልጁ ሳል እናወራለን። የማጨስ አምሮት ማዕበል ነው፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ያህል ከታገሡት ይበርዳል። ወዳጄ በየቀኑ ያን አምስት ደቂቃ አሻገረኝ፤ እኔም ማታ ማታ እርሱን አሻገርኩት። እነሆ ዛሬ ሁለታችንም ከሲጋራ ነፃ ነን።

ኋላ እንደተረዳሁት ይህ የእኛ ብቻ ዕድል አልነበረም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ በተጀመረ ጥናት፣ ተመራማሪዎች ከ12 ሺህ በላይ የሆኑ በዝምድና፣ በወዳጅነትና በሥራ የተሳሰሩ ሰዎችን የ32 ዓመት መዝገብ (እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2003) መርምረው ውጤቱን በ2008 አሳትመዋል። ሰዎች ሲጋራን የሚተዉት በቡድን በቡድን ሆነው ነው። የትዳር ጓደኛው ያቆመለት ሰው የማጨስ ዕድሉ በ67 በመቶ፣ ወዳጁ ያቆመለት ደግሞ በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እድር መሥርቶ ለሚኖር ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር ሊሆን ባልተገባ ነበር። እኛ ሬሳ በጋራ መሸከም እናውቃለን፤ ሐዘንተኛን ብቻውን አናስቀምጥም። ሲጋራ ሊተው የተነሣን ሰው ግን «በርታ» ብለን እናልፈዋለን።

ገበያው በበኩሉ ብቻውን አይሠራም። ኑሮዬ ከቁጥር ጋር ነውና አንድ ሒሳብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ቆይቶም አብላጫውን ያዘ። ከመቶ አምስት ሰው ብቻ ትምባሆ ለሚጠቀምባት ሀገር ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ይከፈላል? እኔ እንደሚመስለኝ የተገዛው ገና ያላጨሰው ወጣት ነው።

ወደዚሁ ወጣት ልምጣ። ባለፈው ዓመት በአንድ የግጥም ምሽት በረንዳ ላይ ቆሜ ሳለ የእንጆሪ ሽታ አወደኝ። ዘወር ስል፣ ዕድሜው ከአሥራ ዘጠኝ የማይበልጥ ልጅ እንደ ብዕር የቀጠነች ቬፕ ይስባል። ያወቀኝ መሆኑን በፈገግታው አየሁ። «ጋሼ፣ የእርስዎን ‹ጢስ› በቃሌ እይዘዋለሁ» አለኝ፤ እዚያው ቆሞም አንድም ቃል ሳይስት ወጣልኝ። ያ ግጥም በሃያ አራት ዓመቴ የጻፍኩት፣ ሲጋራን የብቸኛ ሰው ወዳጅ አድርጌ ያወደስኩበት፣ ብዙ ጭብጨባ ያገኘሁበት ግጥም ነው። ሲጨርስ «ይኼ እኮ ሲጋራ አይደለም፤ እንፋሎት ነው» አለ እጁ ላይ ያለችውን እያሳየኝ።

ምን ልበለው? እንፋሎቱ ኒኮቲን ይዞ እንደሚሄድ፣ አንጎላችን እስከ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ዕድገቱን እንደማይጨርስና ለሱስ ይበልጥ የተጋለጠው በዚህ ዕድሜ እንደሆነ፣ የእንጆሪው ጣዕም የተጨመረው ለሽማግሌ ተብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በእኔው ግጥም ፊት ቆሜ ተግሣጽ ማሰማት አፈርኩ። ስለዚህ እውነቱን ነገርኩት። ያን ግጥም ስጽፍ ሲጋራ የሌለበት ኪስ የሚያስደነግጠኝ፣ በሌሊት ዝናብ ሱቅ ፍለጋ የምወጣ ሰው እንደነበርኩ፤ ይህን ግን ግጥሙ ውስጥ እንዳልጻፍኩት ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ቬፗን አልጣለም፤ ስልክ ቁጥሬን ግን ጠየቀኝ።

«ሥነ ጽሑፍን የጤና ጣቢያ ግድግዳ አታድርግብን» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ልክ ናቸው። በልብ ወለድ ውስጥ ያለ ሰው ያጭስ፤ ገጣሚም ስለ ጢስ ይግጠም። የእኔን ግጥም እንኳ አላቃጥለውም። የምናገረው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ጠረጴዛው ነው። ጠረጴዛችን ላይ የሲጋራ ማዕረግ ይብቃ። የግጥም ምሽቱ ዕረፍት የማጨሻ ዕረፍት አይሁን። ለጀማሪ ግማሽ ሲጋራ መዘርጋት ከንፉግነት የባሰ ክፋት መሆኑን እንወቅ። ታናናሾቻችንን ሱቅ ልከን ሲጋራ አናስገዛ። «ልተው ነው» ያለንን ሰው ደግሞ «ከመቼ ጀምሮ?» ብለን እንጠይቀው፤ ቀኑን እንያዝለት፤ በሰዓቱም እንደውልለት። ወድቆ ቢያጨስ አንሳቅበት፤ እንደገና ቀን እንቁረጥለት። የከበደውን ወደ ሐኪም ቤት አብረነው እንሂድ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከእያንዳንዳችን በቀን አምስት ደቂቃ ነው።

ያ ልጅ ከአንድ ወር በኋላ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሰኞ ልጀምር ነው» አለኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እንደምደውልለት ነገርኩት። ግጥም ስለሚወድ፣ በዚያ ሳምንት ይህችን ላክሁለት፦

አንድ ክብሪት ለኩሰን ሰባት ሆነን ካልን ሞቅ፣
ሊተው የቆረጠ ብቻውን አይጨነቅ፤
አምስት ደቂቃ ነው የመተዉ ምጡ፤
ወዳጆቼ ሆይ ኑ፣ ጎኑ ተቀመጡ።