መዝገቡ የማያውቀው ሰደፍ

ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከቤቱ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ብቻውን የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ጠጋኝ አለ እንበል። ከምስጋና ቀን በኋላ የአጋዘን አደን ስለሚከፈት ደንበኞች ያስረከቡት ሃያ ምናምን ጠመንጃ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ግማሹም ተፈታትቷል። በዚህ መሀል ሰውዬው ያርፋል። የክፍሉ ቁልፍ ሚስቱ እጅ ነው። እሷ ግን የትኛው የባሏ፣ የትኛው የሰው እንደሆነ አታውቅም፤ ለማወቅ የሚያስችል ልብም በዚያ ሰሞን የላትም።

ደንበኛው ደጋግሞ ይደውላል፣ የሚያነሳ የለም። ሄዶ እንዳያንኳኳ ይሉኝታ ይይዘዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ዕቃዬን» ማለት በየትም አገር ነውር ነው። እዚህ ላይ ግን ይሉኝታ ዋጋ ያስከፍላል።

መነሻው ሕግ ከደንበኛው ጋር ነው። ለጥገና የተሰጠ ዕቃ አደራ ነው፤ ጠጋኙ ያዘው እንጂ የእሱ አልሆነም። ስለዚህ ወራሾች አይካፈሉትም፣ የሟቹ ገንዘብ ጠያቂዎችም አያሸጡትም። ያልተከፈለ የእጅ ዋጋ ካለ ግን እስኪከፈል ዕቃው ሊያዝ ይችላል፤ ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። እስከዚህ ድረስ ሟቹ ሰዓት ጠጋኝ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው።

ጠመንጃን የሚለየው መዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጠመንጃ ቁጥጥር ሕግ ጠጋኙንም እንደ ነጋዴ ቆጥሮ የፌዴራል ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ባለፈቃዱ እሱ ዘንድ የሚያድረውን ጠመንጃ ሁሉ መመዝገብ አለበት፦ የሠራውን ፋብሪካ፣ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ ዓይነቱን፣ የጥይቱን ልክ፣ የገባበትን ቀን፣ ያመጣውን ሰው ስምና አድራሻ። ሲመልስም በዚያው መስመር መውጫውን ይሞላል። መውጫው ባዶ ከሆነ ጠመንጃው ገና እዚያው ነው ማለት ነው። የሰዓት ጠጋኝ እንዲህ ያለ ነገር እንዲጽፍ የሚያስገድደው የለም።

ሚስት፣ ልጅ ወይም ውርስ አጣሪ ከፈለጉ ፈቃዱን በ30 ቀን ውስጥ ኤቲኤፍ ለሚባለው የፌዴራል ቢሮ አቅርበው፣ ጊዜው እስኪያበቃ በሟቹ ፈቃድ ሥራውን መቀጠል ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ያስረከበው ሰው ራሱ ሲመጣ ፎርምም የጀርባ ማጣሪያም ሳይጠየቅ ይረከባል። ወንድሙን ከላከ ግን ወንድሙ እንደ ገዥ ፎርም 4473 ይሞላል፣ ይጣራልም።

ቤተሰቡ ሥራውን የማይቀጥል ከሆነ መዝገቡ በ30 ቀን ውስጥ የተዘጉ ንግዶች መዛግብት ወደሚከማቹበት ወደ ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂንያ ይላካል። እዚያ ከገባ በኋላ ለወንጀል መርማሪ እንጂ ለደንበኛ አይገለጥም። በባለቤት ስም ማሰስም አይቻልም፤ ኮንግረስ የጠመንጃ ባለቤቶች ማውጫ እንዳይቋቋም ከልክሏል። ክልከላው ባለጠመንጃውን ከመንግሥት ዓይን ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ጠመንጃው ሟች ቤት የቀረበት ሰው ግን የራሱን ማስረጃ የሚያጣው በዚሁ ጥበቃ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መዝገቡ የሚያውቀው መለያ ቁጥር የተመታበትን አካል ብቻ ነው። ለብቻው ተፈትቶ የመጣ አፈሙዝ፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ወይም ሰደፍ መዝገብ አይገባም። አንድ ሰው አያቱ ከዋልነት እንጨት የጠረበውን፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ በዘመን ብዛት የለሰለሰውን ሰደፍ ስንጥቁን እንዲያስጠግን ወስዶ ይሰጣል። ብረቱን ሱቅ ሄዶ መተካት ይችላል፤ ያንን እንጨት ግን ከየትም አያመጣውም። ጠጋኙ ሲሞት ሰደፉ ከሌሎች እንጨቶች ጋር ጥግ ይቆምና ዕቃው በጅምላ ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል። ሕጉ የተጻፈው ወንጀል ለሚከታተል ሰው ስለሆነ ሰደፍ አይታየውም።

አገር ቤትም ቢሆን አንጥረኛ ዘንድ የተተወ ወርቅ ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል፤ ግምቱን ማፍረስ የአስረካቢው ሸክም ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚያድነን «ስትሰጠው አይቻለሁ» የሚል ጎረቤት ነው። ፔንሲልቬንያ ገጠር ውስጥ ግን ጠመንጃዬን ተሸክሜ ስገባ ያየኝ ማን አለ?

ስለዚህ አንድ ነገር በደንቡ ቢጨመር እላለሁ። አጣሪው መዝገቡን ወደ ማርቲንስበርግ ከመላኩ በፊት መውጫው ባዶ ለሆነ ደንበኛ ሁሉ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይገደድ። ሐዘንተኛ ላይ ሸክም መጨመር ነው የሚል ይኖራል። ስምና አድራሻው መዝገቡ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሥራው ሃያ ፖስታና ሃያ ቴምብር ነው። ያለዚያ ሃያ ሰው በየተራ የሐዘን ቤት በር ያንኳኳል፤ ለሚስቲቱ የሚከብደው ይሄኛው ይመስለኛል።

እስከዚያ ድረስ ጥንቃቄው የባለቤቱ ነው። ዕቃዎን ሲያስረክቡ ደረሰኙ ላይ ሰደፉንም መነጽሩንም በየስሙ ያስጽፉ፣ መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተው ቤት ያስቀምጡ። ጠጋኙ ማረፉን ሲሰሙ ለቅሶ ይድረሱ፤ አንድ ሳምንት ይታገሡ። ከዚያ ከካውንቲው የኑዛዜ መዝገብ ቤት አጣሪው ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ የደረሰኙን ቅጂ አያይዘው ደብዳቤ ይጻፉለት። ሥራው የቆመው ጠጋኙ በሞተበት ቀን ከሆነ መዝገቡ እስኪሄድ የቀረዎት ቢበዛ 23 ቀን ነው።