ለክፉ ቀን የሚገዛ ጠመንጃ በምን ይመዘናል?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች ተረት ከሁሉ ይልቅ በጦር መሣሪያ ነገር ላይ እውነትነቱ ይገለጣል። ሰላም በሰፈነበት ዘመን ስለ ጠመንጃ ማሰብ የጠብ ፍላጎት መስሎ ይታያል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ለማሰብ ፋታ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ሰው፣ ብዙ መንግሥትም፣ መሣሪያውን የሚመርጠው በድንጋጤ ነው። በድንጋጤ የሚመርጥም የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ነው።

ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ዋጋ መጠየቁ አይነቀፍም። ነገር ግን የዋጋ ጥያቄ መጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረችው የካርቱም ከተማ ይህን ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ በደም አስመስክራለች። የአውራጃ አስተዳዳሪም ሆነ ዕቃ አስመጪ ነጋዴ ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር ለማዘጋጀት ባሰበ ጊዜ ከዚህች ከተማ ታሪክ የሚማረው አያጣም።

የመጀመሪያው ምስክር የማህዲስቶች ታሪክ ነው። የማህዲ ሠራዊት በጥቅምት 1876 ዓ.ም. በሸይካን የሂክስ ፓሻን ጦር ደመሰሰ፤ በጥር 1877 ዓ.ም. ደግሞ ካርቱምን ይዞ ጎርደን ፓሻን ገደለ። በእነዚህ ድሎች የግብፅ ወታደሮች ይዘውት የነበረው ሬሚንግቶን ጠመንጃ በብዙ ሺህ እየተቆጠረ በእጁ ገባ። ከዚህ የበለጠ ርካሽ መሣሪያ ሊገኝ አይችልም፤ ዋጋው ድል ብቻ ነበርና። ሬሚንግቶን በዘመኑ የተመሰገነ፣ አሠራሩም ቀላል የሆነ ጠመንጃ ነበረ። ይሁን እንጂ ጥይቱ የሚመጣው ከውጭ አገር ስለ ነበረ፣ የተማረከው ክምችት እያለቀ በሄደ ጊዜ ኸሊፋ አብዱላሂ በኦምዱርማን ባቋቋመው የመሣሪያ ቤት ያገለገለውን ቀለህ እየሰበሰቡ በአገር ባሩድ እንደገና መሙላት ግድ ሆነ። ይህም ባሩድ ደካማ ነበረ። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. በካረሪ ሜዳ ላይ የኪችነር ጦር በመጣ ጊዜ ከማህዲስቶች ወገን ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሲሞት ከኪችነር ወገን የሞተው 50 ያህል ብቻ ነበረ። ለዚህ ልዩነት መድፍና መትረየስ ትልቁን ድርሻ መያዛቸው አይካድም። ቢሆንም ጥይቱ የማይደርስለት ጠመንጃ የያዘ ጀግና፣ ጀግንነቱ ብቻውን እንደማያድነው በዚያች ቀን በግልጥ ታይቷል።

ሁለተኛው ምስክር ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የቀረበ ነው። ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት አገራቸው ከእንግሊዝ ተነሥተው በዚያው በሰኔ ወር መጨረሻ ካርቱም ደረሱ። ሐሳባቸው በጎጃም በኩል ገብቶ ለአምስት ዓመት ሳይበገር ከቆየው አርበኛ ጋር መገናኘት ነበረ። ለዚህ ደግሞ ጠመንጃና ጥይት ያስፈልጋል። በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ ኃይል ግን 3 የእንግሊዝ ሻለቆችና የሱዳን መከላከያ ጦር ብቻ ስለ ነበረ፣ ለራሱም የሚበቃ መሣሪያ አልነበረውም። እንግሊዝ ራሷ በዚያው ሰሞን በደንከርክ የነበራትን ብዙ መሣሪያ ጥላ ወጥታለች። ከሹማምንቱም አንዳንዶቹ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው መመለሳቸውን በቅን ዓይን አይመለከቱትም ነበር። በዚህ ሁሉ ምክንያት ከግምጃ ቤት እየወጣ ለአርበኞች ከተሰጠው መሣሪያ ውስጥ ማርቲኒ ሄንሪ የተባለው አሮጌ ጠመንጃ ነበረበት።

ስለ ማርቲኒ ሄንሪ በፍርድ እንነጋገር ቢባል መጥፎ ጠመንጃ አይደለም። እንግሊዞች በ1863 ዓ.ም. ለሠራዊታቸው የመረጡት፣ ጠንካራና በቀላሉ የማይበላሽ መሣሪያ ነው። በካረሪም የግብፅና የሱዳን ወታደሮች በኪችነር ሥር ሆነው የተዋጉት በዚሁ ዓይነት ነበረ። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ በጥቁር ባሩድ ስለሚሠራም በተኮሰ ቁጥር የሚወጣው ጢስ የተኳሹን ቦታ ለጠላት ያሳያል። እንግሊዞች ራሳቸው በ1881 ዓ.ም. ግድም ሊ ሜትፎርድ በተባለው በሌላ ዓይነት መተካት ጀምረው ነበር። በግምጃ ቤት ብዙ ዘመን የተቀመጠ ጥይት ደግሞ አንዱ ሲተኮስ ሌላው ይከሽፋል። ስለዚህ ጠመንጃው ለሰጪው ምንም ያህል የማያስወጣ፣ ለተቀባዩ ግን ሕይወት የሚያስከፍል ሆነ።

በአንጻሩ በጎጃምና በሌላውም ጠቅላይ ግዛት የነበረው አርበኛ ራሱ የመረጠውን መሣሪያ መመልከት ያሻል። አርበኛው የጦር ትምህርት ቤት አልገባም፤ የመሣሪያ ዝርዝርም አላነበበም። ቢሆንም ከጠላት የማረከውን የኢጣልያ ጠመንጃ አጥብቆ የያዘው ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህ ጠመንጃ 6 ጥይት ይጎርሳል፤ ጢሱም አይታይም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጥይቱን ራሱ ጠላት በየመንገዱና በየምሽጉ እየተሸከመ ያመጣለት ነበር። የአርበኛው ግምጃ ቤት የኢጣልያ ግምጃ ቤት ነበረ ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ሰው ከካርቱም ማርቲኒ ሄንሪ ቢላክለት ቅር መሰኘቱ አያስደንቅም።

ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ምሥጢር ከማንም ይልቅ ሊረዳው ይገባል። በኢትዮጵያ ምዕራብና ደቡብ ገበያዎች ጥይት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የውጅግራ ጥይት ዕቃ ይገዛበት፣ ለብርም መልስ ይሰጥበት ነበር። ሻጩ ጥይቱን በገንዘብ ምትክ የተቀበለው ጥይቱ ስላማረ ሳይሆን፣ የሚቀጥለውም ሰው እንደሚቀበለው ስላወቀ ነው። ውጅግራ የብዙ ሰው ጠመንጃ በመሆኑ ጥይቱ የብዙ ሰው ገንዘብ ሆነ። እጅግ ውድ የሆነ ነገር ግን በአገሩ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ጠመንጃ ጥይት ቢሆን ኖሮ፣ በገበያ አንድ አሞሌ ጨው ባላወጣ ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ ምስክሮች የሚገኘው መመዘኛ አጭር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የሚመጣበት መንገድ ቢዘጋም ለስንት ጊዜ እንደሚበቃ ነው። ቀጥሎ የጎረቤቱና የአጥቢያው ሰው የያዘው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው፤ በአንድ ወረዳ አምስት ዓይነት ጠመንጃ ካለ አምስት ዓይነት ችግር አለ ማለት ነው። ሦስተኛው አሠራሩ ቀላል መሆኑና በአገር ባለሙያ እጅ መጠገን መቻሉ ነው። ዋጋ የሚጠየቀው ከእነዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜም የሚታሰበው የጠመንጃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ከነጥይቱ፣ ከነማስተማሪያው፣ ከነማስቀመጫው ነው።

«ዘመናዊውን ፈጣኑን መግዛት ይሻላል» የሚሉ ይኖራሉ። ፈጣን ጠመንጃ ግን ጥይትም በፍጥነት ይጨርሳል፤ ያንን የሚያደርስ ጭነት ከሌለ ፍጥነቱ ጉዳት ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊነታቸው በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ፣ በሻለቃ ዊንጌት የሚመራው ጦር ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው በ15 ሺህ ያህል ግመል ላይ ነበር። ከእነዚያ ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። በደጋ አገር የሚደረግ ጦርነት ጥይት በምን ተጭኖ እንደሚደርስ ካልታሰበበት፣ የጠመንጃው ዓይነት ብቻውን ምንም ዋጋ የለውም።

ሌሎች ደግሞ «ከባዶ እጅ አሮጌ ጠመንጃ ይሻላል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከፊል እውነት አለበት። ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች አስከትለው ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም በገቡ ጊዜ፣ ከካርቱም የሚላከው ማናቸውም መሣሪያ ንጉሠ ነገሥቱ እንደሚመለሱ ማረጋገጫ ሆኖ ይታይ ነበር። ነገር ግን ተስፋ የተደረገበት ጥይት በከሸፈ ጊዜ የሚወድቀው ተኳሹ ብቻ አይደለም፤ የላከውም ሰው እምነት ይወድቃል። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ካርቱም መጥተው ከተመከረ በኋላ እርዳታው እየተሻሻለ ሄደ። ግርማዊነታቸውም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ምክሩ ከአራት ወር በፊት ተደርጎ ቢሆን ግን የስንቱ ሰው ነፍስ በተረፈ ነበር!

ስለ ጊዜ ከተነሣ ዘንድ የ1928ቱም ወረራ መረሳት የለበትም። ኢትዮጵያ በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር በመሣሪያ ማስገባት ጉዳይ ውል ተፈራርማ ነበር። ይሁን እንጂ አደጋው ፊት ለፊት በመጣበት በ1927 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ከለከሉ። ጠላት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር ገንዘብ ኖሮ እንኳ የሚገዛበት በር ጠቦ ነበር። የባሕር በር የሌለው ወይም በሩን ሌላ የሚጠብቅበት አገር የክፉ ቀን ዕቃውን በክፉ ቀን ሊገዛ አይችልም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ከሁሉ የሚከብደው ነው። ጠመንጃ ከአደጋው በኋላ አይጠፋም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያችው በካርቱም የሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ የተባለው ኃይል ጦርነት በገጠሙ ጊዜ ከተማይቱ የጎደላት ጠመንጃ አልነበረም። የጎደለው ውኃ፣ ዳቦ፣ መድኃኒትና ዳኛ ነበረ። ገበያው ተዘረፈ፤ ሆስፒታሎች ተዘጉ፤ ከነዋሪው እጅግ ብዙው ተሰደደ፤ ከተሰደዱትም መካከል በዚያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መደኒ ከወደቀች በኋላ ሲቪሉ ሕዝብ እንዲታጠቅ ጥሪው በረታ። ጦር ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን መልሶ ቢይዝም፣ በየቤቱ የገባው መሣሪያ እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቅ ማን ነው? ሥርዓት በፈረሰበት ከተማ በቤት ማዕዘን የቆመ አንድ ጠመንጃ ባለቤቱን ከመጠበቁ ይልቅ ጠላት የሚጠራበት ጊዜ ይበዛል።

ስለዚህ አስተማማኝነት በብረቱ ብቻ አይለካም፤ በያዘው እጅና በሚቆጣጠረው ሕግም ይለካል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያወጣችው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጠመንጃ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ መደንገጉ ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባዋል። መዝገብ የሌለው ጠመንጃ በአደጋ ቀን የት እንዳለ አይታወቅም፤ ከአደጋው በኋላም የሚያስረክበው አይገኝም። ያልተመዘገበ መሣሪያ ለመንግሥት የሌለ ያህል ነው፤ ለሽፍታ ግን አለ።

ለአስተዳዳሪው የሚገባው ሥራ እንግዲህ የታወቀ ነው። የተመዘገበ፣ አንድ ዓይነት የሆነ፣ በደረቅ ግምጃ ቤት የተቀመጠ፣ ጥይቱ በየጊዜው የሚፈተሽ መሣሪያ በታመነ ዘብ እጅ ማኖር ነው። ነጋዴውም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። እህሉ፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ የውኃ መሳቢያው ሞተር ሁሉ በአንድ ሕግ ይመዘናሉ፤ መለዋወጫው የማይገኝለት ርካሽ ሞተር ከማርቲኒ ሄንሪ በምንም አይለይም። በ1932 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ባዶ የነበረው ግምጃ ቤትና በ2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተዘረፈው ገበያ የሚናገሩት ቃል አንድ ነው። የክፉ ቀን ትጥቅ በደኅና ቀን፣ በረጋ ልብ፣ ቁጭ ብለው የሚታጠቁት ነው። እንዲህ የታጠቁት ሲሮጡ አይፈታም።