የሪራ ቀርከሃ፤ የንብ ቀፎና የምርት ቃሎቻችን

ከጎባ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ በመጀመሪያ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። ይህ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፤ በላዩ የሚታየው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል። መንገዱ አምባውን ጨርሶ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወርድ ግን አገሩ በድንገት ይለወጣል፤ አስታው ይመጣል፤ ከአስታው በታች ኮሶው፤ ከዚያም ቀርከሃው ይከተላል። ሪራ የምትባለው መንደር የምትገኘው እዚህ፤ በሐረና ደን ራስጌ ነው።

በሪራ ቤቱም አጥሩም ቀርከሃ ነው። መንገደኛው ዐይኑን ወደ ላይ ያነሣ እንደሆነ ደግሞ በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ያያል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለዚህ አገር ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ደጋ አጋዘኑ ነው። ከደኑ ጋር ተጎራብቶ የሚኖረው ሰው ደኑን ሳይመነጥር ምን ሠርቶ ይደር? ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው ቦታ ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ በ2014 ዓ. ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» በሚል መጠሪያ ከተጀመረው ንቅናቄ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ይመስለናል። ንድፍ፥ ጥሬ ዕቃ፥ ጥራት፥ ደረጃ፥ ምርት የሚሉት ቃላት ዛሬ በየስብሰባው ይሰማሉ፤ ተማሪውም ለፈተና ያጠናቸዋል፤ ወጣቱ ሠራተኛም በየሪፖርቱ ይጽፋቸዋል።

እኛ ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ስለነዚሁ ቃላት ነው። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አንድን ቃል ከነትርጉሙ በቃሉ የያዘ ሰው ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል ማለት አይደለም፤ ቃሉ በዕቃው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ነው የሚያውቀው። ይህንንም ለማሳየት ከሪራ ቀርከሃና ከሪራ ቀፎ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

«ጠንካራ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በዕለት ንግግራችን ብረቱም ጠንካራ ነው፤ ብርጭቆውም ጠንካራ ነው፤ ጠፍሩም ጠንካራ ነው፤ ሲያሻን ሰውዬውም ጠንካራ ነው። ይህ ለጨዋታ ይበቃል፤ ለሥራ ግን አይበቃም። ብርጭቆን በሚስማር ቢሞክሩት አይጫርም፤ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ግን ብትንትኑ ይወጣል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ምራን በቢላዋ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ የሁለት በሬ ጉልበት ሲጎትተው ውሎ አይበጠስም። ታዲያ ከሁለቱ ጠንካራው የትኛው ነው? መልሱ የሚገኘው ቃሉን ከፋፍለን ስንይዘው ብቻ ነው። ለመጫርና ለመሰርጎድ እምቢ ማለትን «ጥንካሬ» እንበለው፤ ሳይበጠስ ወይም ሳይደቅ ጭነት መሸከምን «ብርታት»፤ ምትን ውጦ ሳይሰነጠቅ መቅረትን «ቻይነት»፤ ሲጫኑት አለመጉበጥን «ግትርነት»። ጎብጦ ሲለቁት ወደ ቀድሞው ቅርጹ የሚመለስ ነገር «ተለጣጭ» ነው፤ እንደ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ በተጫኑት መልክ የሚቀር ደግሞ «ተቀራጭ»። ብርጭቆ ጥንካሬ እንጂ ቻይነት የለውም፤ ምራን ብርታት እንጂ ግትርነት የለውም። ከእነዚህ ስያሜዎች የተሻለ ያለው ሰው ቢያርመን ደስ ይለናል፤ ስድስቱን ነገር በአንድ ቃል መጥራቱን ግን ማንም አይከላከልልንም።

አሁን ወደ ቀርከሃው እንመለስ። በአገራችን ሁለት የቀርከሃ ዓይነቶች በተፈጥሮ ይበቅላሉ፤ የቆላው ውስጡ ድፍን ሲሆን የሪራው፤ ማለትም የደጋው፤ ባዶ ነው። ኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የቀርከሃ መሬት ያላት መሆኑ ሲነገር እንሰማለን፤ ሰፊ ሀብት ነው። ቀርከሃ ብርታቱ በቁመቱ ነው። በውስጡ የሚሄዱት ክሮች ሁሉ ከሥር ወደ ጫፍ የተዘረጉ ሲሆኑ፤ ይበልጥ የተጠቀጠቁትም በውጪው ቅርፊት በኩል ነው። ስለዚህ በቁመቱ ቢጎትቱት ያስደንቃል፤ በቁመቱ መሠንጠቁ ግን ቀላል ነው። ፍልጥና ቁርጥ እንጨትን የሚለይ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ምሁራኑ «ጠባዩ በአቅጣጫ የሚለያይ ማቴሪያል» የሚሉትም ይህንኑ ነው። ከዚህ አንድ ጠባይ ስንት የሥራ ደንብ እንደሚወጣ ተመልከቱ። ቀርከሃ ላይ ሚስማር የመታ ሰው ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ አዋቂው ያስራል እንጂ አይቸነክርም፤ መቸንከር ግድ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ ይበሳዋል። መልኩን አሳምራለሁ ብሎ የውጪውን ቅርፊት አብዝቶ የላገም ሰው ዋናውን ብርታት ልጎ ጥሎታል። ውስጡ ባዶ መሆኑም ጉድለት አይደለም፤ የብስክሌት አካል ከድፍን ብረት ሳይሆን ከባዶ ቧንቧ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ማቴሪያሉ ከመሐል ርቆ ሲቀመጥ በትንሽ ክብደት ብዙ ግትርነት ይገኛል። እንግዲህ «ንድፍ» ማለት ሥዕል ብቻ አይደለም፤ የማቴሪያሉን ጠባይ አውቆ ቅርጹን፥ መጋጠሚያውንና አሠራሩን መወሰን ነው።

«ጥሬ ዕቃ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። የቀርከሃ ግንድ ከመሬት በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አይረዝምም፤ አይወፍርምም፤ የሚጨምረው ብስለቱ ብቻ ነው። ለሥራ የሚበቃው ሦስት ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆነው ነው። ለጋው ውሃና ስታርች የበዛበት ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ነቀዝም ይወደዋል። ጢስ በሚበዛበት ቤት ያለ ቀርከሃ ዕድሜው የሚረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጢሱ ያደርቀዋል፤ ተባዩንም ያርቃል። በዛሬው የፋብሪካ አሠራር ደግሞ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሁድ ይነከራል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2004 እ. ኤ. አ. የቀርከሃን የመጨመቅ፥ የመጉበጥ፥ የመጎተትና የመሸራተት ብርታት፤ እንዲሁም እርጥበቱንና መኮማተሩን የሚለኩበትን ደንብ አውጥቶ በ2019 አሻሽሎታል። በእንዲህ ያለ ደንብ ያልተለካ ቀርከሃ ጥሬ ዕቃ ሳይሆን ገና የተቆረጠ ተክል ነው ብንል ብዙ አላጋነንም።

ወጣቱ ሠራተኛ የሚገባበት እዚህ ላይ ነው። በአንድ የግዥ ወረቀት ላይ «ጠንካራ የቀርከሃ ወንበር፤ ብዛት 200» ተብሎ ቢጻፍ ምን ይሆናል? ባለ እጁ የአንድ ዓመት ለጋ ቆርጦ፤ ሳያደርቅ ቸንክሮ፤ ቀለም ቀብቶ ያስረክባል። ወረቀቱን አላፈረሰም። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ዱቄትም ይወርዳል፤ ገዢውም «የአገር ውስጥ ዕቃ እንዲህ ነው» ብሎ ወደ ፕላስቲኩ ይመለሳል። ጥፋቱ ግን የተጀመረው ከወረቀቱ ነው። «ስፔሲፊኬሽን» ወይም ዝርዝር መግለጫ የሚባለው ቀርከሃው ከሦስት ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው፤ ከነቀዝ መከላከያ የተነከረ፤ እርጥበቱ ይህን ያህል፤ የሚሸከመው ኪሎ ይህን ያህል፤ መጋጠሚያው እንዲህ የታሰረ ይሁን ብሎ መጻፍ ነው። ሁለት መስመር የነበረው ወረቀት ግማሽ ገጽ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስተምረን ቀፎው ነው።

በኦሮምኛ ጋጉራ የሚባለው ባህላዊ ቀፎ ድቡልቡልና ረጅም ሆኖ፤ ከተቦረቦረ ግንድ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል። ከግንድ የተሠራው ለአንድ ቀፎ ዛፍ ያስቆርጣል፤ ከቀርከሃ የተሠራው ግን የተቆረጠው ከሥሩ መልሶ ያበቅላል። እንግዲህ የማቴሪያል ምርጫ በክፍል ውስጥ የሚነገር ነገር ብቻ ሳይሆን የደኑ ዕጣ የሚቆረጥበት ጉዳይ መሆኑን ልብ ይሏል። በባህላዊው ቀፎ ንቧ የሰም እንጀራዋን ከቀፎው ግድግዳ ጋር አጣብቃ ትሠራለች፤ ማሩን ለማውጣትም እንጀራውን ቆርጦ ማፍረስ ያስፈልጋል።

ዘመናዊ የሚባለው ባለ ፍሬም ቀፎ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ቄስ በ1851 እ. ኤ. አ. አንድ ነገር አስተዋለ፤ ንብ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት ስታገኝ መተላለፊያ አድርጋ ትተወዋለች። ክፍተቱ ከዚህ ከጠበበ ከዛፍ በለቀመችው ሙጫ ትደፍነዋለች፤ ከሰፋም እንጀራ ትሠራበታለች። ስለዚህ በፍሬሞቹና በሣጥኑ መካከል ያ ክፍተት ከተጠበቀ እንጀራው ሳይፈርስ ፍሬሙ እንደ መጽሐፍ ይመዘዛል። የዘመናዊው ቀፎ ምሥጢር በሙሉ ይህችው የሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ናት። በእንግሊዝኛው «ቶለራንስ» የሚባለው፤ እኛ «የልክ ኅዳግ» ብንለው የምንወደው ቃል፤ ከዚህ የተሻለ መምህር የለውም። ተማሪው «ቶለራንስ ማለት የተፈቀደ የልክ ልዩነት ነው» ብሎ ሲጽፍ ሙሉ ማርክ ያገኛል፤ ንቧ ግን ትርጉሙን ሳይሆን ክፍተቱን ነው የምታርመው።

አሁን ከእርጥብ እንጨት የተሠራ ሣጥን እናስብ። የሣጥኑ ቁመት 240 ሚሊሜትር ነው እንበል። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፤ ከመቶ አራት እጅ ቢኮማተር እንኳ ሣጥኑ ወደ 10 ሚሊሜትር ያጥራል። ከፍሬሙ ሥር የተተወው መተላለፊያ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ሣጥኑ በተረከቡበት ቀን ልክ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ ፍሬሙ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ እንቢ ይላል። ባለ ቀፎውም እንጀራውን በቢላዋ መቁረጥ ሲጀምር ዘመናዊው ቀፎ በውድ ዋጋ የተገዛ ባህላዊ ቀፎ ሆነ። እዚህ ላይ ስለ እንጨት መድረቅ የተማርነው፤ ስለ ልክ የተማርነውና ስለ ጥራት ቁጥጥር የተማርነው አንድ ትምህርት ሆነው ይገኛሉ።

እንደ እኛ አሳብ ለሪራ ዓይነት መንደር ይበልጥ የሚስማማው የሽግግር ቀፎ የሚባለው ነው። ይህ ቀፎ ፍሬም የለውም፤ በላዩ የሚደረደሩ ጣውላዎች ብቻ አሉት፤ ንቧም እንጀራዋን ከእያንዳንዱ ጣውላ ታንጠለጥላለች። አካሉ ከጨፈቃ ወይም ከቀርከሃ ተጠልፎ በጭቃና በእበት ይለሰናል። (ጭድ የገባበት ጭቃም ሆነ ይህ ልስን መጻሕፍቱ «ውሁድ ማቴሪያል» የሚሉት ነው፤ አንዱ መጨመቅን፤ ሌላው መሳብን ይችላል።) ግድግዳው ትንሽ ቢጣመም አይጎዳም፤ በጥብቅ የሚጠበቀው ልክ የጣውላው ወርድ ነው፤ ለአፍሪካ ንብም 32 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መልካም ንድፍ ልኩን ሁሉ ያጠብቃል ብሎ የሚያስብ ተማሪ ይሳሳታል፤ የሚጠብቀው ልክ አንድ፤ የሚለቀው ብዙ ሲሆን ነው ሥራው በባለ እጁ አቅም የሚሆነው።

ባለ ፍሬሙ ቀፎ የሚበልጥበትም ቦታ አለ፤ እርሱም መለዋወጥ ነው። የአንዱ ቀፎ ፍሬም ለሌላው ይሆናል፤ በማር ማውጫው መኪናም ይገባል። ይህን አሳብ ለመረዳት ከሪራ ወደ ሮቤ መመለስ ይበቃል። በባሌ የስንዴ ማሳ ላይ ኮምባይነር በመከር መካከል ሲቆም ባለቤቱ የሚፈልገው «መለዋወጫ» ነው። ቃሉን ብዙ ጊዜ ስለምንጠራው አናስተውለውም እንጂ የኢንዱስትሪው ዘመን ዋና አሳብ በውስጡ አለ፤ ሌላ ሰው በሌላ አገር የሠራው ክፍል ያለ ሞረድ ገብቶ የሚሠራው ሁለቱም በአንድ የልክ ኅዳግ ስለተሠሩ ነው። አማርኛችን ይህን ቃል ያለ ኮሚቴ ወልዶታል።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። የባሌ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲቀጠር በአማርኛ ይጽፋል። «ቶለራንስ» የሚለው ቃል በሦስቱ መካከል ሲመላለስ ትርጉሙ በመንገድ እንዳይቀር ያሰጋል። በ1980ዎቹ ዓ. ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለብዙ ቃላት አቻ ማበጀቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም «ደረጃ» የሚለውን አንድ ቃል ለስታንዳርድም፥ ለጥራት ማዕረግም፥ ለክፍልም፥ ለመሰላልም ስናውለው እንኖራለን። ቃሉ የውጭ ይሁን የአገር እኛን አያጣላንም፤ የሚያጣላን ዕቃውን ሳያዩ ቃሉን መፈተን ነው። በሮቤና በጎባ ላሉት መምህራን ይህ ከባድ አይመስለንም፤ ቀርከሃውም ቀፎውም ሩቅ አይደለም።

ባለሞያው «ጌጅ» የሚለውን የልክ መፈተኛ ደግሞ ማንም ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው ይችላል። አንድ የደረቀ ቀርከሃ ተሠንጥቆ በላዩ 32 ሚሊሜትር የሆነ አፍ ይወጣለታል። የቀፎው ጣውላ ሁሉ አንድ በአንድ በዚያ አፍ ይፈተናል፤ አልገባ ያለው ይላጋል፤ ሲገባ የሚወዛወዘው ለሌላ ሥራ ይቀመጣል።