ሐይቁን ማየት ስንት ያወጣል?

በትንሽ ከተማ መምህር ሆኖ የተቀመጠ ሰው ከጠመኔው ሌላ አንድ ያልተጻፈ ሥራ አለበት፤ እርሱም የሰፈሩን ወረቀት ማንበብ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ይሁን፥ የሐዋላ ደረሰኝ ይሁን፥ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ካርድ ይሁን፥ ፊደል የለየ ልጅ በየቤቱ ሞልቶ ሳለ እንኳ «እስቲ መምህሩ ይየው» ይባላል። እኔም ብዙ ጊዜ ከባለወረቀቱ የተሻለ የማውቀው ነገር ስለማይኖረኝ፥ መነጽሬን ደጋግሜ እየወለወልሁ ጊዜ እገዛለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ባለወረቀቷ የምከራይበት ቤት እመቤት ነበሩ። ስማቸውን ትተን እትዬ እንበላቸው። የከተማዋንም ስም አልጠቅስም፤ ሐይቅ ዳር ያለች፥ አንድ የአስፋልት መንገድ፥ ሁለት ቤተ ክርስቲያንና አንድ መስጊድ ያላት ከተማ ናት ብል ይበቃል። እትዬ ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ዐይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ፥ ቤቴን ሊወስዱት ነው መሰለኝ» አሉኝ።

ወረቀቱ የቤትና የቦታ ግምት ማሳወቂያ ነው። ከግርጌው 2,400,000 ብር ይላል። ለካስ ሐሙስ ማታ የጎረቤት ልጅ ቁጥሩን ብቻ አንብቦላቸው፥ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለማዘጋጃ ቤት ክፈሉ የተባሉ መስሏቸው ሁለት ሌሊት ሳይተኙ አድረዋል። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይከፍሉት የነበረው፥ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጧቸው ደረሰኞች እንደሚመሰክሩት፥ መቶ ብር እንኳ አይሞላም።

«እትዬ፥ ይህ የቤትዎ ዋጋ ነው እንጂ ዕዳዎ አይደለም» ብላቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። «የማልሸጠውን ቤት ዋጋ ማን ጠየቃቸው?» አሉ። ጥያቄያቸው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ሆኖ አገኘሁት።

እናንተ ተማሪዎችና አዲስ ሥራ የያዛችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ይህን ነገር ልብ ብላችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። ተማሪው ነገ ከነገ ወዲያ የቤት ባለቤት ይሆን ይሆናል፤ ሠራተኛው ግን ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት ሜትር ይዞ በሰው ግቢ ይገባል።

በአገራችን የከተማ ቤትና ቦታ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የእትዬ ንብረት ጭቃው ግድግዳ፥ ቆርቆሮው ጣራ፥ ባለቤታቸው ነፍሱን ይማረውና በገዛ እጁ ያስፈሰሰው የሊሾ ወለል ነው። ከሥሩ ባለው 400 ካሬ ሜትር ላይ ያላቸው የመጠቀም መብት ነው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ለሁለቱ ሁለት ስም ሰጣቸው፤ ለቦታው «ኪራይ»፥ ለቤቱ «ግብር»። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም ጠቅልሎ የጣራና የግድግዳ ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም ከአዋጁ ይልቅ ጸንቶ እስከ ዛሬ ቆየ።

በዚያ አሮጌ ሕግ የቤቱ ግብር የሚታሰበው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያስገኛል ተብሎ በሚገመተው ገንዘብ ላይ ሲሆን፥ መጣኙም ከመቶ 1 ጀምሮ እስከ 4.5 ይደርስ ነበር። ሕጉ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ አንድ ጊዜ የተገመተው ግምት በብዙ ከተሞች ሳይነካ ለዐሥርተ ዓመታት መቀመጡ ነው። ብሩ ረከሰ፥ ኪራዩ ሰማይ ወጣ፥ መዝገቡ ግን በዚያው በአሮጌው ዓለም እንደ ተኛ ቀረ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ይህን ግምት በአንድ ጊዜ ስታሻሽለው የብዙ ሰው ሒሳብ በእጥፍ ድርብ አደገ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። አርባ ዓመት የተኛን ሰው በአንድ ማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ የመቀስቀስ ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365ን አጸደቀ። ይህ አዋጅ የሚነሣው ከኪራይ ግምት ሳይሆን ከንብረቱ የገበያ ወይም የምትክ ዋጋ ነው። ከዋጋውም 25 በመቶውን ብቻ ለታክሱ መሠረት ያደርጋል። በዚህ ላይ ለመሬት መጠቀሚያ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፥ ለሕንጻ ደግሞ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይታሰባል። በዚህ ወሰን ውስጥ መጣኙን የሚቆርጡት ክልሎችና ከተሞች ናቸው።

እኔና እትዬ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፥ ቡናው እየፈላ፥ ይህን በደብተር ጀርባ ላይ አሰላነው። ማሳወቂያው ቤቱን 800,000፥ ቦታውን 1,600,000 ብር ብሎታል። ሩቡ 200,000 እና 400,000 ይሆናል። በዝቅተኛው መጣኝ ለቤቱ 200፥ ለቦታው 800፥ በድምሩ 1,000 ብር በዓመት ይመጣል። በከፍተኛው ለቤቱ 2,000፥ ለቦታው 4,000፥ በድምሩ 6,000 ብር ነው። እትዬ ከሁለት ሚሊዮን ወደ ስድስት ሺህ ሲወርዱ ፊታቸው በራ። አፍታም ሳይቆዩ ግን መልሰው ጠቆሩ። «ሺህና ስድስት ሺህ አንድ ነው እንዴ?» አሉኝ። አንድ አይደለም። ከእኔና ከአንዲት ነርስ ከሚያገኙት ኪራይ በቀር ሌላ ገቢ የላቸውም።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ትቼ ወረቀቱን እንደ ገና አነበብሁት። ከመካከሉ «የቦታ ደረጃ» የሚል ዓምድ አለ፤ በአሮጌው ደረሰኝ 3ኛ የነበረው አሁን 1ኛ ሆኗል። ለምን? ከኋላቸው ያለው ጎረቤት ቦታው ከሐይቁ እምብዛም የማይርቅ ሲሆን 2ኛ ነው የተባለው። እትዬን «ለካቾቹ ምን ብለው ጠየቁ?» አልኋቸው። ሁለት ልጆች መጥተው በሜትር ለክተው፥ የቆርቆሮውን ዕድሜ ጠይቀው፥ ኮርኒስ አለ የለም ብለው ጽፈው፥ ቡና ጠጥተው መርቀው ሄደዋል። ሊወጡ ሲሉ ታዲያ አንደኛው ከበሩ ላይ ቆሞ፥ «ወይ ጉድ፥ ሐይቁ እንዴት ያምራል!» አለ።

ያቺ አድናቆት ናት ደረጃውን የለወጠችው። ሰኞ ዕለት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስጠይቅ አንድ ትሑት ወጣት ነገሩን ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ከግቢው በር ላይ ሆነው ሐይቁ ከታያቸው 1ኛ ይላሉ፥ ካልታያቸው 2ኛ። የጎረቤትየው አጥር ረጃጅም ባሕር ዛፍ ስለሆነ ሐይቁ አልታያቸውም። ውሃ መጣጩን ባሕር ዛፍ ሐይቅ ዳር የተከለው ሰው ዝቅ ብሎ ተገመተ ማለት ነው፤ ቁጥቋጦ እንኳ ሳይተክሉ ደጃቸውን ክፍት ያደረጉት እትዬ ደግሞ ከፍ ብለው። «ይህ በመመሪያ ላይ ተጽፏል?» አልሁት። «ተጽፎ እንኳ አላየሁም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንሠራው» አለኝ።

ይህን ስሰማ አንድ ከሩቅ አገር የመጣ የፍርድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ላይ፥ ታሆ የሚባል እጅግ ጥልቅ ሐይቅ አለ። በኔቫዳ በኩል በሐይቁ ዳር ኢንክላይን ቪሌጅ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የአውራጃው ገማች በዚያ ያሉትን ቤቶች ሲገምት፥ ከየቤቱ የሚታየውን የሐይቅ ስፋት በደረጃ ከፋፈለው፤ የባሕር ዳሩንም አሸዋማ ነው ዐለታማ እያለ ለየው። ዋጋው ተሰቀለ። ባለቤቶቹ እንደ እትዬ ያሉ ድሆች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ባለጸጎች ናቸው፤ ስለዚህ ጠበቃ መግዛት ቻሉ። ክርክራቸው ታዲያ «ሐይቁ ዋጋ የለውም» የሚል አልነበረም። «ይህ አከፋፈል በግዛቲቱ የታክስ ኮሚሽን ደንብ ውስጥ የለም፤ ሌላው የግዛቲቱ ነዋሪም በዚህ ሚዛን አልተመዘነም» የሚል ነበር። የኔቫዳ ሕገ መንግሥት ግምትና ታክስ ለሁሉ አንድ ዐይነትና እኩል ይሁን ይላልና፥ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. (በእነርሱ 2006) ፈረደላቸው፤ ግምቱ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ፥ ትርፍ የከፈሉትም ከነወለዱ እንዲመለስላቸው አዘዘ።

ከዚህ ፍርድ እኔ የወሰድሁት ሐይቅ አይገመት የሚለውን አይደለም። ቢሾፍቱ ላይ ሆራን ወይም ባቦጋያን የሚያይ ቦታና ከኮረብታው ጀርባ የተደበቀ ቦታ በገበያ አንድ እንዳልሆኑ ሕፃን ያውቃል። ነገር ግን ገማቹ የሚለካበት ነገር ከመለካቱ በፊት በጽሑፍ ይኑር፤ ባሕር ዛፍ ያለውንም የሌለውንም በአንድ ዐይን ይይ።

ደግሞስ ሐይቅ ሁልጊዜ ሲሳይ ነው ያለው ማን ነው? የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ ጭራሹ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ታይቷል፤ ውሃው መመለስ የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ደግሞ በተቃራኒው፥ በ1950ዎቹ ገደማ ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው፥ እያበጠ ከ40 በላይ ሆኖ ጨዋማ ውሃው የእርሻና የግጦሽ መሬት ውጧል፤ መንገዱንም ወደ ላይ እንዲነሣ አስገድዷል። በዚያ ሐይቁን ከበሩ ላይ ሆኖ ማየት የሚያስከፍል ሳይሆን የሚያስለቅስ ነው። ጣናም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ ምን እንዳደረገው ሁላችሁም ሰምታችኋል። የወባ ትንኝን ነገር አላነሣም፤ በማሳወቂያው ላይ ለእርሷ ዓምድ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ማዘጋጃ ቤቱን ብቻ ወቅሼ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። የከተማችን ቆሻሻ ዛሬም ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው፤ ማንሻ መኪና የለምና። መኪናው የሚገዛው ደግሞ ከዚሁ ከጣራና ከግድግዳ ነው። የእትዬም ቦታ ዋጋ ያወጣው እርሳቸው አንድ ድንጋይ ጨምረውበት አይደለም፤ አስፋልቱ መጥቶ፥ መብራቱ ገብቶ፥ ከጎናቸው ሎጅ ተሠርቶ ነው። ሕዝብ በጨመረው ዋጋ ላይ ሕዝብ ድርሻ ቢጠይቅ ግፍ አይባልም። ነገር ግን ሎጁ ዋጋውን በየምሽቱ ከእንግዳ ይሰበስባል፤ እትዬ ዋጋቸውን የሚያገኙት ቤታቸውን ሸጠው ሲሰደዱ ብቻ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ለሽማግሌና ለባልቴት ግብሩ እየተመዘገበ ይቆይና ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ይከፈላል። የእኛ ከተማ ምክር ቤት መጣኙን ሲቆርጥ ይህን ቢያስብበት ምን ይከፋዋል?

ሌላም አለ። የገበያ ዋጋ ይባላል እንጂ በእኛ ከተማ ገበያው የት ነው? በዓመት የሚሸጡት ቤቶች በጣት ይቆጠራሉ፤ በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋም ሻጭና ገዢ ክፍያ እንዲቀንስላቸው ዝቅ ያደረጉት መሆኑን የማያውቅ የለም። እንግዲህ ገማቹ ልጅ ከምን ይነሣ? ከሐሰተኛ ውል ወይስ ከደላላ ወሬ? ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከበር ላይ ቆሞ ሐይቁን ማየት ቢቀለው አልፈርድበትም። ትሑቱም ወጣት ይህንኑ አልሸሸገኝም፤ ለሁለት ቀን ሥልጠና ተጠርቶ፥ በሦስተኛው ቀን ሜትር ተሰጥቶት ነው የወጣው።

እርሱ ራሱ ነው ቅሬታ በጽሑፍ ይቀርባል ብሎ የመከረን። ማክሰኞ ማታ በፋኖስ፥ መብራት ጠፍቶ ነበርና፥ ማመልከቻውን ጻፍሁ። ግብር አልከፍልም አላልንም፤ የ2,400,000ውን ድምርም አልተቃወምንም። የጠየቅነው ሦስተኛው ደረጃ በየትኛው የተጻፈ መመሪያ ወደ አንደኛ እንደ ተለወጠ፥ በዚያው መመሪያም የጎረቤቶቹ ቦታ አብሮ እንዲታይ ነው። አንብቤ ስጨርስ እትዬ «አንድ ነገር ጨምርልኝ» አሉ። «ሐይቁ የሸሸ ዕለት ደረጃዬም አብሮ ይውረድልኝ በል።» እኔ ፈገግ ብል እርሳቸው አልሳቁም፤ ልጅ ሳሉ ውሃው አሁን ሎጁ መኪና ከሚያቆምበት ቦታ ድረስ ይመጣ እንደ ነበር ነገሩኝ። ጨመርሁት።

ረቡዕ ጠዋት አስገባነው። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም መታች፥ የገቢ ቁጥርም ሰጠችን። እትዬ ቁጥሯን ከደረሰኞቹ ጋር በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጠዋታል። ሌላ ሦስት ጎረቤትም «ለእኛም ጻፍልን» ብሎ መጥቷል፤ ከእነርሱ አንዱ ባለባሕር ዛፉ ነው፤ «አጥሬን ብቆርጥ ደረጃዬ ይጨምራል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ መልስ አጥቼለታለሁ። መልሱ ከጽሕፈት ቤቱ ሲመጣ በዚሁ ገጽ እጽፍላችኋለሁ።