ምላጩ ከመነሳቱ በፊት



ወንድ ልጅ ሲወለድልን ስም እናወጣለን፣ ዐቂቃ እናርዳለን፣ ቀጥሎም ለማስገረዝ እንቸኩላለን። በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የምናነሳው ከግርዛቱ በፊት መታየት ስላለበት አንድ ጉዳይ ነው። ነገሩ በሐያእ ምክንያት ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ጤናንና ጦሃራን የሚመለከት ጥያቄ ግን ሊያሳፍረን አይገባም።

ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንዶች ሕፃናት አንዱ ገደማ የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከበታቹ ሆኖ ይወለዳል። ሐኪሞች ሃይፖስፔዲያስ ይሉታል። ቀዳዳው ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ሊል ወይም እስከ ቆለጡ ከረጢት ሊወርድ ይችላል። ሸለፈቱ ከላይ ተከምሮ ከታች ይጎድላል፤ ብልቱም ወደ ታች ሊጎብጥ ይችላል። በቱርክ «የነቢይ ሱንና»፣ በዐረብ አገሮች «የመላእክት ግርዛት» እያሉ እንደ በረከት የሚቆጥሩት አሉ። ሌሎች ደግሞ «ትንሽ ነው የቀረው» ብለው የተረፈውን ያስቆርጣሉ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ልብስ ሰፊ ያለ ጨርቅ እንደማይሠራ ሁሉ፣ ቀዶ ሐኪሙም አዲሱን የሽንት ቧንቧ ለመሥራትና ለመሸፈን ይህ ቆዳ ያስፈልገዋል። ሸለፈቱ ተቆርጦ ከተጣለና ችግሩ ከባድ ከሆነ፣ ከልጁ አፍ ውስጥ ስስ ሥጋ እስከ መውሰድ ሊደረስ ይችላል።

ኦፕራሲዮኑ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይሠራል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር ዋረን ስኖድግራስ ያስተዋወቁት ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ከቀዳዳው እስከ ጫፉ ያለው ስስ ቆዳ መካከሉ ላይ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ዙሪያ ተጠቅልሎ ይሰፋል፤ በላዩም ሌላ ሽፋን ይደረብለታል። ከባዱ ዓይነት በሁለት ዙር ይሠራል። አንዳንዴ ስፌቱ ሽንት ያፈሳል ወይም ቧንቧው ይጠባል፤ ያን ጊዜ ዳግመኛ ማረም ያስፈልጋል።

ቀላሉን ዓይነት ሐኪም በዓይኑ አይቶ ይለየዋል። ቀዳዳው በጣም ከወረደ ወይም ቆለጦቹ በእጅ ካልተዳሰሱ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ የሆድ ውስጥ አካላት በአልትራሳውንድ ይታያሉ፤ እንደ አስፈላጊነቱ በቀዳዳው መድኃኒት ተጨምሮ ራጅ ይነሳል፤ የክሮሞሶምና የሆርሞን ምርመራም ይደረጋል። ምክንያቱም ወንድ የመሰለን ሕፃን አልትራሳውንዱ ማሕፀን ያላት ሴት መሆኗን ሊያሳይ ይችላል። ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ ሰውነታቸው ጨው መያዝ አቅቶት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በትውከትና በድርቀት ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ቆለጡ የማይዳሰስ ሕፃን ሳይመረመር አይገረዝ።

«የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንብንም?» የሚሉ ወላጆች አሉ። በ1409 ሒጅራ (1989 እ.ኤ.አ.) በመካ የተሰበሰበው የፊቅህ ጉባኤ የተሟላ አካል ያለውን ሰው ፆታ መቀየርን ሲከለክል፣ አካሉ አሻሚ ሆኖ የተወለደን ማከም ግን እንደሚፈቀድ ወስኗል፤ ይህ በሽታን ማዳን ነውና። የአንዳሉሱ ሐኪም አዝ-ዘህራዊም ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት የሽንት ቀዳዳቸው ከቦታው ውጪ ሆኖ ስለሚወለዱ ልጆች ሕክምና በመጽሐፋቸው ጽፈዋል።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ሕፃኑን ስታጥቡ ቀዳዳው የት እንዳለ፣ ሽንቱ ወዴት እንደሚፈስ፣ ሁለቱ ቆለጦች መኖራቸውን ተመልከቱ። ጥርጣሬ ካለ ግርዛቱ ይቆይ፤ ሸለፈቱም ሳይነካ ልጁ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ብዙውን ጊዜ በኦፕራሲዮኑ ዕለት ግርዛቱም አብሮ ይፈጸማል። ቀድሞ የተገረዘም ቢሆን መፍትሔ አለውና ተስፋ አትቁረጡ። ልጁ ካደገ በኋላ ቁጭ ብሎ ለመሽናት መገደዱን እየደበቀ፣ ስለ ጦሃራውና ስለ ትዳሩ ብቻውን እየተጨነቀ ከሚኖር፣ እኛ ዛሬ ሐያኣችንን አሸንፈን ብንጠይቅለት ይሻላል። ልጅ አማና ነው።

አላህ ለልጆቻችን ዓፊያውን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።