የልጅ ስልክና የወላጆች ቃል ኪዳን

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ጾም ማዕድና ስለ ልጆች ተነጋግረን ነበር። በዚህ ወር የምናነሣው ነገር ከማዕድ የራቀ ቢመስልም ከዚያው ከቤት የሚነሣ ነው፤ ይኸውም በልጆቻችን እጅ ስላለው ስልክ ነው። ነገሩን በሌላ ሰው ቤት ምሳሌነት ብናስረዳ በቀለለን ነበር። ዳሩ ግን የራስን ጥፋት ሸሽጎ የጎረቤትን መግለጥ ለመምህር አይገባውምና ከራሳችን ቤት እንጀምራለን።

ልጃችን የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ የሚማረውም ለቤታችን በሚቀርብ አንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በአገራችን በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ብዙ የኦርቶዶክስ ልጆች እንዳሉ አንባቢ ያውቃል። እኛም የትምህርቱን ጥራትና የሥርዐቱን መልካምነት አይተን ላክነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ደግሞ እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ይማራል። ባለፈው ክረምት እናቱ አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለእርሱ ሰጠነው። ምክንያታችንም «የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ አላቸው» የሚል ነበር። ቪዲዮ የሚያይበትን የጉግል አካውንት ስንከፍትለት ማሽኑ የልደት ዓመት ጠየቀ፤ እውነተኛውን ብንጽፍ እንደ ሕፃን ይቈጥረውና ብዙ ነገር ይከለክለው ስለ ነበር፣ ዓመቱን በአምስት ወደ ኋላ መልሰን የጻፍን እኛው ነን። ልጃችን በስልኩ ላይ ያየው የመጀመሪያው ሐሰት የአባቱ ሐሰት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የክፍሉ ልጆች በትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት ተንበርክከው ሳለ፣ ከፊት የነበረው የአንድ ልጅ ጫማ ሶሉ ተበስቶ ካልሲው በቀዳዳው ይታይ ነበር። ከኋላው የነበረ ሌላ ልጅ በሹራቡ ውስጥ ደብቆ ባስገባው ስልክ ያንን ፎቶ አነሣው። ማታ ልጆቹ ራሳቸው በከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከፌዝ ቃል ጋር ለቀቀው። እስኪነጋ ድረስ 23 ልጆች የሣቅ ምልክት አድርገውበታል። ከእነዚህም አንዱ የእኛ ልጅ ነበር። ፎቶውን አላነሣም፤ ክፉ ቃልም አልጻፈም፤ በጣቱ ብቻ ነካ አድርጎ አለፈ። የተፌዘበት ልጅ ግን ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ።

በአራተኛው ቀን ወላጆች ተጠራን። ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ቍጣ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ አልተቈጡም። «ልጆቹን ነገ እናነጋግራቸዋለን፤ ዛሬ ግን እናንተን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ስልኩን የሰጣቸው ማን ነው?» አሉን። እያንዳንዱ ወላጅ በየተራው ተነሥቶ የሰጠው መልስ አንድ ዐይነት ነበር፤ ልጁ ከጓደኞቹ እንዳያንስ ብሎ ነው። እርሳቸውም «ሁሉም የሰጠው ሌላው ስለ ሰጠ ከሆነ፣ እንግዲያውስ የጀመረው ማን ይሆን?» አሉና ዝም አሉ። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ልጃችንን ይዘን ወደ ተበደለው ልጅ ቤት ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድን። አባቱ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። በአክብሮት ተቀብለው አስቀመጡንና «ጫማው መበሳቱንማ እናውቅ ነበር፤ የደመወዝ ቀን እየጠበቅን ነው። የሰው መሣቂያ መሆኑን ግን አላወቅንም» አሉን። ልጃችን አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ አድርግልኝ» አለ። ልጁም ጥቂት አስቦ «ፎቶውን አጥፍተኸዋል?» ሲል ጠየቀው። «አዎ፣ አጥፍቼዋለሁ።» «ሌሎቹስ?» አለው። ለዚህ ልጃችንም እኛም መልስ አልነበረንም።

አንባቢ ሆይ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ «ሌሎቹስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ቢጠነቀቅ ፎቶው በሌላው ቤት አለ። አንድ አባት ብቻውን ቢከለክል ልጁ በጎረቤቱ ስልክ ያያል፤ ከዚያም በላይ ከባልንጀሮቹ ጨዋታ የተለየ ብቸኛ ይሆናል። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ያደረገ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ብለን መመርመር ጀመርን፤ በአየርላንድም አገኘን።

ከዋና ከተማው ከደብሊን በስተ ደቡብ፣ በዊክሎ አውራጃ፣ በባሕር ዳር ግሬይስቶንስ የምትባል ከተማ አለች። በአየርላንድ የመምህራኑን ደመወዝ መንግሥት ይክፈል እንጂ፣ ከዐሥር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘጠኙ ያህል በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባለአደራነት የሚተዳደሩ ናቸው፤ ባለአደራውም አብዛኛውን ጊዜ የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤትና ደብር የተሳሰሩ ናቸው። ልጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆናቸው የመጀመሪያ ቁርባናቸውን ይቀበላሉ፤ አንደኛ ደረጃን ሊጨርሱ ሲሉ፣ በ12 ዓመት ገደማ፣ በእኛ ሥርዐት ሕፃኑ በተጠመቀበት ቀን የሚፈጸመውን ምሥጢረ ሜሮንን ይቀበላሉ። በዚያን ቀን ዘመድ ለልጁ ገንዘብ ይሰጣል፤ ያም ገንዘብ በብዙ ቤት የስልክ መግዣ ሆነ። መንፈስ ቅዱስን በተቀበለበት ቀን ልጁ መላውን ዓለም በኪሱ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው።

የኮቪድ ወረርሽኝ አልፎ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ በግሬይስቶንስ ያሉ ርእሰ መምህራን በትንንሾቹ ልጆች ላይ ያልተለመደ ጭንቀት አስተዋሉ። ወላጆችን በጽሑፍ ጠየቁ፤ ወላጆችም በዚያው ጭንቀት ውስጥ መሆናቸው ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 የግሬይስቶንስና የአጎራባችዋ የዴልጋኒ ስምንት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ማኅበራት በፈቃዳቸው አንድ ቃል ተቀበሉ፤ ይኸውም ልጅ ሁለተኛ ደረጃ እስኪገባ ድረስ ዘመናዊ ስልክ አይሰጠው፤ በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በቤትም፣ በየትም ቦታ፣ የሚል ነው። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም፤ የካቶሊክም የፕሮቴስታንትም ይገኙባቸዋል። ቅጣት የለበትም፤ ፖሊስም አያስፈጽመውም፤ የሚጠብቀው የወላጅ ቃል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር ሌሎች ወላጆችም ይህንኑ ለማድረግ የሚመሩበትን ጽሑፍ አወጣ።

የዚህ ሥራ ጥበቡ ምን ላይ ነው? ከልጁ አፍ «እኔ ብቻ የለኝም» የሚለውን ቃል መውሰዱ ላይ ነው። አንድ ቤት ሲከለክል ልጁ ይገለላል፤ ሠላሳ ቤት አብሮ ሲከለክል ግን ልጁ ሠላሳ ባልንጀራ ያገኛል። ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በዕድራችን ድንኳን ለየብቻ የሚገዛ የለም፤ ሐዘኑ የሁሉም ነውና ድንኳኑም የሁሉም ነው። ልጆቻችንን ለመጠበቅ ሲሆን ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ቆመን «ዘመኑ ነው» እያልን እናዝናለን።

ደግሞም ሕጉና የኩባንያዎቹ የራሳቸው ደንብ ከእኛ ይልቅ ጥብቅ ሆነው መገኘታቸው ያሳፍራል። ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተመዝጋቢ እንዳይሆን በደንባቸው ጽፈዋል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ልጅ ስለ ግል መረጃው በኢንተርኔት ላይ በራሱ ፈቃድ ሊስማማ የሚችልበትን ዕድሜ 16 አድርጋለች። አውስትራልያም ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታላላቆቹ የማኅበራዊ መገናኛዎች አካውንት እንዳይኖራቸው ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። የአንደኛ ደረጃ ልጅ ከሞላ ጐደል ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው። በሩ የሚከፈትለት እኛ እንዳደረግነው የልደት ዓመት በመዋሸት ነው።

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ «እንግዲህ መሣሪያው ራሱ ርኩስ ነው ልትሉን ነው?» ይለን ይሆናል። አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መስከረም 7 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ቅድስናውን ያወጀችለት ካርሎ አኩቲስ ግንቦት 3 ቀን 1991 በለንደን ተወልዶ በሚላኖ ያደገ፣ በ15 ዓመቱ ጥቅምት 12 ቀን 2006 በደም ካንሰር የሞተ ልጅ ነው። ከኮምፒዩተር ጋር በነበረው ፍቅር ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት የሚናገር ድረ ገጽ አዘጋጅቷል፤ የኮምፒዩተር ጨዋታን ግን በሳምንት ለአንድ ሰዓት ብቻ እንደ ወሰነ ይነገርለታል። በስሙ የምንዘክረው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ባይሆንም፣ ከጎረቤት መልካም ሥራ መማርን የሚከለክለን የለም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። የመጀመሪያው አይፎን የተሸጠው እርሱ ካረፈ በኋላ በ2007 ነው። እርሱ የሠራበት ኮምፒዩተር በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲጠፋ የሚጠፋ ነበር። የዛሬው ስልክ ግን ከልጁ ጋር ይተኛል፤ ገጹ መጨረሻ የለውም፤ የልጁ ዐይን በምን ላይ እንደ ዘገየ እየቈጠረ ያንኑ ዐይነት ይጨምርለታል፤ የማያውቁት ጐልማሳም በልጅ ስምና በልጅ ፎቶ ተሸፍኖ ሊያነጋግረው ይችላል። ስለዚህ መጠንን ከልጁ ብቻ መጠበቅ ከአቅሙ በላይ ማሸከም ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከደረሰብን የተማርነውን በአጭሩ እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ ልጆቻችሁ ገና በታችኛው ክፍል ሳሉ ከክፍል ጓደኞቻቸው ወላጆች ጋር ተነጋገሩ፤ የሰጡትን ከመንጠቅ ገና ያልሰጡትን ማቆየት ይቀላልና። ልጁን ለመገናኘት ግድ ከሆነ ለመደወልና ለመልእክት ብቻ የሚያገለግል ተራ ስልክ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ስልክ አስቀድማችሁ የሰጣችሁ ከሆነ፣ ሌሊት በልጁ መኝታ ክፍል አይደር፤ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ሳሎን ይሁን። የልደት ዓመቱንም አስተካክሉ።

ሦስተኛ፣ ልጁ ክፉ ነገር ቢያይ፣ ወይም ማንም ሰው ሥዕሉን ይዞ ቢያስፈራራው፣ ለእናንተ በመናገሩ እንደማይቀጣ ደጋግማችሁ አረጋግጡለት። ብዙ ልጅ ዝም የሚለው ስልኬን ይነጥቁኛል ብሎ ነው። ለሚያስፈራራው ሰው ገንዘብ አይከፈል፤ መልእክቱም ማስረጃ ነውና ሳይጠፋ ለፖሊስ ይቅረብ።

አራተኛ፣ የሣቅ ምልክትም ቃል መሆኑን አስተምሩት። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 3 ምላስን ከእሳት ጋር አመሳስሎ ያስተማረውን ልጆቻችን በሰንበት ትምህርት ቤት ይማሩታል፤ ዛሬ ግን ምላስ በጣት ጫፍ ላይም ተቀምጣለች። ልጃችን ይህን ለንስሐ አባቱ ሲናገር «እኔ እኮ ምንም አልጻፍኩም» ብሎ ጀመረ፤ ሲጨርስ ግን እንዲህ አላለም።

አምስተኛውና ለእኛ የከበደን የራሳችን ነገር ነው። ይህን ሁሉ ለልጃችን ዘርዝረን ስንጨርስ «የእርስዎስ ስልክ፣ አባባ?» ብሎ ጠየቀን። በዚያች ሰዓት ስልካችን በማዕዱ ላይ፣ ከእንጀራው አጠገብ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕድና በጸሎት ሰዓት የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትም የእናትም ጭምር፣ በአንድ መሶብ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ደንብ ሁለት ጊዜ የጣስነው እኛ ነን፤ ልጃችን አንድ ጊዜም አልጣሰም።

በክፍሉ ወላጆች ዘንድ እንደ ግሬይስቶንስ ያለ ቃል እንድንገባ ሐሳብ አቅርበን ነበር። ከ38 ቤተ ሰብ የፈረሙት 14 ናቸው። የቀሩት የየራሳቸውን ምክንያት ተናገሩ፤ ሁሉም ከንቱ ምክንያት አልነበረም። ከፈረሙት መካከል ግን የዚያ የተበደለው ልጅ አባት ይገኛሉ። ልጃቸው ስልክ ኖሮት የማያውቅ ሲሆን፣ ለምን እንደ ፈረሙ ስንጠይቃቸው «ሲኖረን ደግሞ እንዳንረሳው ነው» አሉን።

14 ጥቂት ነው። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ድሩ ሲጀመር አንድ ክር ነው። ያ ልጅ «ሌሎቹስ?» ብሎ ጠይቆናል፤ የዚህን ዓምድ አንባብያንም ከእነዚያ ከሌሎቹ ቈጥረን ይህን ጻፍንላችሁ። ስለ መሶቡ በምትነጋገሩበት ምሽት መልካም ማዕድ ይሁንላችሁ፤ እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን።